ከማርስ ጀርባ የጠፋው የራዲዮ ድምፅ



በትር በውሃ ውስጥ ሲቆም የተሰበረ መስሎ እንደሚታይ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ይኸውም ብርሃን ከውሃ ወደ አየር ሲሻገር መንገዱ ስለሚታጠፍ ነው። የራዲዮ ሞገድም እንደዚሁ በአየር ውስጥ ሲያልፍ በጥቂቱ ይታጠፋል።

በ1957 ዓመተ ምሕረት በሐምሌ ወር ማሪነር 4 የተባለችው የአሜሪካ መንኰራኵር በማርስ አጠገብ አልፋ፥ ከምድር ለሚመለከታት፥ ወደ ማርስ ጀርባ ገባች። ድምፅዋ ከመጥፋቱ በፊት የማርስን አየር እየሰነጠቀ ይመጣ ነበር፤ አርቪዳስ ክሊዮሬና ባልንጀሮቹም ሞገዱ ምን ያህል እንደ ተለወጠ ለክተው የአየሩን ግፊት አወቁ። ለዚህ ሥራ በመንኰራኵርዋ ላይ ልዩ መሣሪያ አልተጫነም፤ መልእክት የምትልክበት ራዲዮ ራሱ በቃ። እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

አስቀድሞ ሊቃውንት የማርስ አየር ግፊት ከምድራችን ከመቶው ስምንት እጅ ያህል ይሆናል ብለው ይገምቱ ነበር። የተገኘው ግን ከመቶው አንድ እጅ እንኳ የማይሞላ ሆነ። ነገሩ የቁጥር ጨዋታ አይምሰላችሁ፤ በቀድሞው ግምት ተሠርታ በዣንጥላ ብቻ የምትወርድ መንኰራኵር ከመሬቱ ጋራ ተጋጭታ በተሰባበረች ነበር። ስለዚህ በ1968 ዓመተ ምሕረት በማርስ ላይ ያረፈችው ቫይኪንግ 1 ከዣንጥላው በቀር ፍጥነትዋን የሚገታ የሮኬት እሳት ተሠራላት።