ዲግሪያችንና የቤት ሥራ ዘመናችን በአንድ ወረቀት ላይ

(በፊሪጅ ቢን ማሕሙድ በአርብ ስብሰባችን ላይ ከቀረበ ንግግር)

እህቶቼ፣ በሳምንት አንድ ቀን ያላችሁን እረፍት ትታችሁ፣ ከወክራም ከራያንም ድረስ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

የዛሬው ወሬዬ በተለይ ከኮሌጅ ወይም ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃችሁ እዚህ ሰው ቤት ለምትሠሩት ነው። በመካከላችን አካውንቲንግ የተማረች አለች፣ ነርስ አለች፣ መምህርት አለች። የመጣንበት መንገድ ግን ብዙ አይለያይም። ተመረቅን፣ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆምን፣ ጋዜጣ ገለጥን፣ «የሥራ ልምድ 2 ዓመት» የሚል አነበብን። «0 ዓመት» የሚል ሲገኝ ደግሞ ለአንድ ቦታ ስንት ሰው እንደሚሰለፍ ታውቁታላችሁ። ቤተሰብ እያየን፣ ለታክሲ እየለመንን ስንት ወር ይቆያል? ከዚያ ወደ ኤጀንሲ ሄድን። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ሲወጣ ከሠራተኛ የጠየቀው 8ኛ ክፍል መጨረስን ነበር። ዲግሪያችንን የጠየቀን የለም፤ እኛም እናታችን ቁም ሣጥን ውስጥ ትተነው መጣን።

አሁን ኮንትራታችሁ ሊያልቅ ጥቂት ወር የቀራችሁ አላችሁ። ላድስ? አገሬ ልግባ? ወይስ እዚሁ በተማርኩት ልሞክር? ትላላችሁ። የትኛውንም ብትመርጡ ሲቪ መጻፋችሁ አይቀርም። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፤ የቤት ሥራውን ዘመን ከሲቪው አታውጡት።

ብዙዎቻችን እናፍርበታለን። የተመረቅንበትን ዓመት እንጽፍና ከዚያ በታች ባዶ እንተወዋለን። ቀጣሪው ግን ያንን ባዶ ሲያይ «ይቺ ልጅ ይህን ሁሉ ጊዜ የት ነበረች?» ይላል። አዲስ ተመራቂ ሲቀጥር የሚፈራውም ይታወቃል፤ በሰዓቱ ትመጣለች ወይ? ሥራው ሲከብድ ጥላ ትሄዳለች ወይ? ትታመናለች ወይ? ሰው ቤት 2 ዓመት የሠራች ሴት እኮ ለዚህ ሁሉ መልስ አላት። ስለዚህ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ «ዶሃ፣ በግለሰብ ቤት፣ 2 ዓመት። የ3 ልጆች እንክብካቤ፤ የሳምንት አስቤዛ ግዢና ሂሳብ መያዝ፤ በአረብኛ መግባባት።» የሠራችሁትን ብቻ ጻፉ። «ሱፐርቫይዘር» ምናምን እያላችሁ አታሳምሩት፤ ኢንተርቪው ላይ ሁለት ጥያቄ ሲመጣ ይጋለጣል።

ይህን ዝም ብዬ አይደለም የምለው። አዲስ አበባ ውስጥ በሥራ ፈላጊ ወጣቶች ላይ የተደረገ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2021 የታተመ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ ለአንዱ ቡድን ሥራ ፍለጋ የሚወጣበትን የትራንስፖርት ገንዘብ ሰጡት። ሌላውን ቡድን ደግሞ ሲቪ መጻፍና ኢንተርቪው አሠለጠኑት፤ ፈትነውም የችሎታ ሰርተፊኬት ሰጡት። ከ4 ዓመት በኋላ ሲያዩ የትራንስፖርት ገንዘቡ ገቢ ላይ ያመጣው ለውጥ አልነበረም። የሠለጠኑት ገቢ ግን ካልሠለጠኑት በ20 በመቶ ገደማ ይበልጥ ነበር። የሚችሉትን ነገር ለቀጣሪው በወረቀት ማሳየት ስለቻሉ ነው።

እኛስ ማስረጃ ከየት እናምጣ? አንደኛው ከማዳም ነው። ከቤቱ ጋር በሰላም እያላችሁ አጭር ደብዳቤ ጠይቁ። የገባችሁበት ቀን፣ የሠራችሁት ሥራና የማዳም ስልክ ይኑርበት፤ በእንግሊዝኛ ወይም በአረብኛ ይሁን። እምቢ ካለች ኮንትራታችሁንና የደመወዝ ማስረጃችሁን አስቀምጡ፤ እሱም ይናገራል።

ሁለተኛው ከአገር ቤት የሚመጣው ነው። ኮስት ሼሪንግ ያልከፈላችሁ ዋናው ዲግሪ አይለቀቅላችሁም። በኤምባሲያችን ውክልና ሰጥታችሁ ቤተሰብ እንዲጨርስላችሁ አድርጉ። ከዚያ ዲግሪው በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ አዲስ አበባ ባለው የካታር ኤምባሲ ይረጋገጣል፤ እዚህም ማኅተም አለው። ወራት ይፈጃልና ኮንትራት እስኪያልቅ አትጠብቁ። በ2015 የተጀመረውን የመውጫ ፈተና ያላለፋችሁም ተስፋ አትቁረጡ። በመጀመሪያው ዙር ያለፈው 40 በመቶ ገደማ ነበር፤ ድጋሚ መፈተን ይቻላል። ነርሶች ደግሞ ቶሎ በሉ። እዚህ ፈቃድ ለማውጣት ሰነዳችሁ በዳታፍሎው ይጣራል፣ ፈተናም አለ፣ ከሙያው የራቃችሁበት ጊዜም ይታያል።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ። ከ2020 ወዲህ ካታር ውስጥ ሥራ ለመቀየር የአሠሪ ፈቃድ ወረቀት አያስፈልግም፤ የቤት ሠራተኛም ተካታለች። ማስጠንቀቂያ ግን መስጠት ግዴታ ነው፤ እስከ 2 ዓመት ለሠራች 1 ወር፣ ከዚያ በላይ ለሠራች 2 ወር። ዝውውሩ የሚያልፈው በሥራ ሚኒስቴር በኩል ነው። እስኪፈቀድ ድረስ ከቤቱ አትውጡ፣ አዲሱም ቦታ ሥራ አትጀምሩ። «ውጪ፣ ወረቀቱ በኋላ ይስተካከላል» የሚላችሁን ሰው አትስሙ። ማዳም «ጠፋች» ብላ ካመለከተች ዲግሪያችሁ አያድናችሁም። የምትደበደብ ወይም ደመወዝ የተከለከለች እህት ካለች የእሷ ጉዳይ ሌላ ነው፤ ዛሬውኑ ትንገረን። ሚኒስቴሩ ጋ መደወል ይቻላል።

ደመወዝ ስትሰሙም አስሉ። ዝቅተኛው 1,000 ሪያል ነው፤ ቤትና ምግብ ካልሰጡ 500 እና 300 ይጨመራል። ስለዚህ «1,800 እንከፍላለን» ቢሏችሁና ኪራዩም ምግቡም የራሳችሁ ከሆነ፣ በሕጉ ስሌት አሁን ከነመኝታው ከምታገኙት 1,000 አይበልጥም። ለመቅጠሪያ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ካለም ተዉት፤ ቀጣሪ ወኪል ከሠራተኛ ክፍያ እንዳይወስድ የካታር ሕግ ከልክሏል።

ልጨርስ። የሚቀጥለው አርብ ኮንትራታችሁንና የዲግሪያችሁን ፎቶ በስልካችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ሁለት ሁለት ሆነን ሲቪ እንጽፋለን። እንግሊዝኛ የምትችሉ ለማትችሉት ትጽፋላችሁ፤ አረብኛ የለመዳችሁ የማዳምን ደብዳቤ ታዘጋጃላችሁ። ያልተመረቃችሁ እህቶችም አትቅሩ፤ የሠራችሁት ዓመት የእናንተም ልምድ ነው፣ እሱንም እንጽፈዋለን።

በርቱ፣ ሰላም ግቡ።