ሞክሼ ዩኒቨርሲቲዎች፦ የተቋም ስም፣ ዝናና የተመራቂው ዕዳ

በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል



አበው «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ። ለሰው ስም ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። የዩኒቨርሲቲን ስም የሚያወጣው ግን ደንብ ነው፤ ደንቡን የሚያረቅቁትም ሰዎች ናቸው። ስለዚህ የተቋም ስም ሰውን ቢያሳስት ኃላፊነቱን በመልአክ ላይ ልንጥል አንችልም። ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ይኸው ነው፦ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ስም ሲመሳሰል፣ ሲለዋወጥና ከዝና ጋር ሲምታታ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው?

በቋንቋችን ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች «ሞክሼ» ይባባላሉ። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ እንዲሁም ሰ እና ሠም ሞክሼ ፊደላት ይባላሉ። በግእዝ «ሠረቀ» ወጣ፣ በራ ማለት ሲሆን «ሰረቀ» ግን እንደ አማርኛው ሌብነትን ያመለክታል። ዛሬ ጆሮ አይለያቸውም፤ የሚለያቸው ጽሑፉን ያየና ትርጉሙን የተማረ ሰው ነው። ሞክሼ ዩኒቨርሲቲዎችም እንዲሁ ናቸው። ለሚያውቃቸው ፈጽሞ አይምታቱም፤ ለማያውቃቸው ግን ልዩነታቸው አይሰማም። ችግሩ ስለ ተመራቂው ዕጣ የሚወስነው ሰው ብዙ ጊዜ ከማያውቁት ወገን መሆኑ ነው።

ከመዲናችን እንነሣ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አለ። በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ሥር፣ አምስት ኪሎ ላይ፣ የአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነበር። ከእነዚህ የተለየ፣ ራሱን የቻለ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የተቋቋመና በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የሚገኝ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ። ከመዲናዋ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ደግሞ የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። የኋለኞቹ ሁለቱ የእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃላቸው የሚለያየው በአንዲት «ኤ» ብቻ ነው። እንግዲህ አንድ አባት «ልጅህ የት ይማራል?» ተብሎ «አዲስ አበባ፣ ቴክኖሎጂ» ቢል የትኛውን ማለቱ ነው? አባትየው አልዋሸም፤ ጠያቂውም አላጠፋም። ስሙ የሚጠበቅበትን የመለየት ሥራ አልሠራም።

ሕዝቡ ለዚህ መላ አላጣም። «ስድስት ኪሎ ነው የተማረችው»፣ «የአምስት ኪሎ ልጅ ነው»፣ «ጥቁር አንበሳ ገባ» ይላል። የደንቡን ስም ትቶ የቦታውን ስም ይይዛል፤ ቦታ አይምታታምና። ይህ የአነጋገር ልማድ ብቻ አይደለም፤ ተቋማት ባልሰጡት ግልጽነት ምትክ ሕዝቡ ራሱ የሠራው ግልጽነት ነው። ጉድለቱ ግን ከከተማው ወሰን አለማለፉ ነው። «ስድስት ኪሎ» ማለት ለአዲስ አበባ ነዋሪ ብዙ ይነግራል፤ በውጭ አገር ሆኖ ማስረጃ ለሚመረምር ሰው ግን የርቀት መለኪያ ይመስለዋል።

መምታታቱ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የሚኖር ወገናችን «ልጄ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ገባች» ብሎ ቢያበስር ደስታውን ከመጋራታችን በፊት መጠየቅ ሊኖርብን ነው። በዋና ከተማዋ ጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በሲያትል የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በዚያው ክፍለ ግዛት፣ በፑልማን፣ ዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በሚዙሪ ክፍለ ግዛት ደግሞ ሌላ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ አለ። ይህ የመጨረሻው መምታታቱን ለመቀነስ እ.ኤ.አ. በ1976 «በሴንት ሉዊስ» የሚለውን ከመጠሪያው ጋር አያይዞታል። የእኛ ሕዝብ በ«ስድስት ኪሎ» የፈታውን ችግር እነርሱ በደንብ ፈቱት፤ መፍትሔውም ያው ቦታን መጥራት ሆነ።

በኦሃዮ የሚገኘው ማያሚ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1809 ነው። ፍሎሪዳ በአሜሪካ ኅብረት ውስጥ ክፍለ ግዛት የሆነችው በ1845፣ በዚያ የሚገኘው የማያሚ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው ደግሞ በ1925 ነው። ሆኖም «ማያሚ» ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው ወደ ታናሹ ነው፤ ከተማው ታዋቂ ነውና። በፊላደልፊያ ያለው የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ የግል ተቋም ሲሆን ፔንሲልቬኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሕዝብ ተቋም ነው፤ ሁለቱም ትልልቅ ናቸው፤ የአንዱ ምስጋናም ሆነ ወቀሳ ለሌላው ሲደርስ ይታያል። ከዚህ የምንማረው ዝና በስም ላይ ተጭኖ እንደሚሄድና ስሙ ከተመሳሰለ ባለቤቱን ስቶ ሌላ ቤት እንደሚገባ ነው።

ሁለተኛው የመምታታት ምንጭ የደረጃ ቃሎቻችን ናቸው። «ኮሌጅ» የሚለውን ቃል ተመልከቱ። በአገራችን ይህ አንድ ቃል ቢያንስ ሦስት ነገሮችን ይሸከማል፦ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለ ክፍልን፣ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛን፣ ራሱን ችሎ ዲግሪ የሚሰጥ ተቋምን። ከዚህ የተነሣ በሕዝቡ አእምሮ «ዩኒቨርሲቲ» ከላይ፣ «ኮሌጅ» ከታች የሆኑበት መሰላል ተተክሏል። ይሁንና የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ሐኪሞችንና ስፔሻሊስቶችን የሚያሠለጥን ተቋም ነው፤ ስሙ ግን «ኮሌጅ» ነው። በአሜሪካ ዳርትመዝ እ.ኤ.አ. ከ1769 ጀምሮ «ኮሌጅ» እንደተባለ አለ፤ የሕክምና ትምህርት ቤትም አለው። የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት «ኢንስቲትዩት»፣ የለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ደግሞ «ትምህርት ቤት» ነው፤ ማንም ግን በዚህ የተነሣ አሳንሶ አያያቸውም። በብሪታንያ በ1992 በወጣው ሕግ ፖሊቴክኒኮች «ዩኒቨርሲቲ» ተብለዋል፤ ሕዝቡ ግን «የድሮ» እና «አዲስ» እያለ መለየቱን ቀጠለ። የማዕረግ ቃል መለወጥ የሰውን ግምት በአንድ ጀንበር አይለውጥም።

ሦስተኛው፣ ለእኛ ተመራቂዎች ከሁሉም የሚከብደው፣ የስም ለውጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተባለው ተቋም በ1961 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተጠቃለለ፤ ከአብዮቱ በኋላም በ1975 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። የዓለማያው የእርሻ ኮሌጅ ዓለማያ ዩኒቨርሲቲ፣ በ2006 ደግሞ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በዚያው ዓመት ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ኮተቤ በአጭር ጊዜ ውስጥ ከመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ ከዚያ ወደ ሜትሮፖሊታን ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያም ወደ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ተሸጋግሯል።

ለእያንዳንዱ ለውጥ ምክንያት አለው፤ አንዳንዱ ታሪክን ለማረም፣ አንዳንዱ የአካባቢውን ትክክለኛ አጠራር ለመመለስ፣ አንዳንዱ የተልዕኮን መስፋት ለመግለጽ ነው። ምክንያቶቹን አልሟገትም። የምለው ተቋሙ ስሙን ሲለውጥ የተመራቂው ዲፕሎማ እንደማይለወጥ ነው። ደቡብ ዩኒቨርሲቲ የሚል ዲግሪ ይዞ በባሕር ማዶ ለትምህርት ማስረጃ ገምጋሚ የሚያቀርብ ሰው በመጀመሪያ የሚጠየቀው ምን እንደተማረ አይደለም፤ የተማረበት ተቋም መኖሩን ነው። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» እንላለን። የተቀበረው የተቋም ስም ግን ከመቃብር በላይ የሚውለው በተመራቂው እጅ ብቻ ነው፤ የማስረዳቱም ሸክም የእርሱ ሆኖ ይቀራል።

አሁን ወደ ዝና እንምጣ። የዩኒቨርሲቲ ዝና በአብዛኛው ከሦስት ምንጮች የሚቀዳ ይመስለኛል፦ ከዕድሜው፣ ከመግቢያው ጥበትና ካለበት ከተማ። ዕድሜ ተቋሙ መጽናቱን ይነግረናል። የበሩ ጥበት የገባውን ተማሪ ብርታት ይነግረናል፤ በሩ ከተዘጋ በኋላ በውስጥ የተሠራውን ሥራ ግን አይነግረንም። ከተማው ደግሞ ስለ ኑሮው እንጂ ስለ ትምህርቱ ምስክር አይሆንም።

ይህን ስል ዝና ባዶ ነው ማለቴ አይደለም። ብርቱ ተማሪዎች በአንድነት ሲማሩ እርስ በርስ ይሳላሉ፤ የቆየ ቤተ መጻሕፍትና ልምድ ያካበቱ መምህራን ዋጋቸው ትልቅ ነው። ብዙ ማመልከቻ የተከመረበት ቀጣሪም የተቋሙን ስም እንደ አቋራጭ ቢጠቀም አይገርምም። ነገር ግን አቋራጩ የሚያደርሰው ስሙ ትክክለኛውን ቤት ሲያመለክት፣ ዝናውም ከተፈለገው ሙያ ጋር ሲገናኝ ነው። ዝና የሚኖረው ደግሞ በዋናው በር ላይ ባለው ጽሑፍ ሳይሆን በትምህርት ክፍሉ ውስጥ ነው። ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1954 የጀመረው በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት ነው። አርባ ምንጭ በ1986 በውኃ ቴክኖሎጂ ጀመረ። ሐረማያ ሥሩ ግብርና ነው። ደንና የተፈጥሮ ሀብት ያጠና ሰው ወንዶ ገነትን ያውቃል፤ ወንዶ ገነት የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አካል መሆኑን ግን ብዙ ቀጣሪ ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ «የትኛው ዩኒቨርሲቲ ይበልጣል?» የሚለው ጥያቄ ያልተሟላ ጥያቄ ነው። የተሟላው «ለየትኛው ትምህርት?» የሚለው ነው።

ወደ መነሻ ጥያቄያችን እንመለስ፤ ዋጋውን ማን ይከፍላል? ተቋሙ ብዙም አይከፍልም፤ እንዲያውም በሞክሼው ዝና ሊጠቀም ይችላል። የሚያስረዳለት ዘመድ፣ የሚደውልለት ወዳጅ ያለው ተመራቂም ብዙ አይጎዳም። ዋጋውን የሚከፍለው ከቤተሰቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ የገባው፣ የትምህርት ሚኒስቴር ወደመደበው አዲስ ተቋም የሄደው፣ ስለ እርሱ የሚናገር ከወረቀቱ በቀር ሌላ የሌለው ወጣት ነው። ወረቀቱ በትክክል ካልተናገረለት ዝም ይባላል። የስም ጉዳይ የፍትሕ ጉዳይ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ምን ይደረግ? አራት ነገሮችን በአጭሩ ልጠቁም።

አንደኛ፣ ተቋማት በዲግሪና በውጤት መግለጫ ላይ ሙሉ ስማቸውን፣ ከተማቸውንና የቀድሞ ስማቸውን ይጻፉ። «የቀድሞው ዓለማያ ዩኒቨርሲቲ» የሚል አንድ መስመር ብዙ ዋጋ አይጠይቅም፤ ተመራቂውን ግን ከብዙ ደብዳቤ ያድነዋል።

ሁለተኛ፣ የነበሩትንና የተለወጡትን ስሞች ሁሉ የሚያሳይ፣ ማንም በቀላሉ ሊመለከተው የሚችል አገራዊ መዝገብ ይኑር። አዲስ ስም ከመጽደቁ በፊትም «ከየትኛው ጋር ይምታታል?» የሚለው ጥያቄ ይነሣ።

ሦስተኛ፣ ቀጣሪዎች ከስም ይልቅ ማስረጃ ይጠይቁ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥትም የግልም ተቋማት የመጀመሪያ ዲግሪ ዕጩ ተመራቂዎች አንድ ዓይነት የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ። ፈተናው የአንድን ሰው ብቃት ሙሉ በሙሉ አይለካም፤ ሆኖም የተቋሙ ስም ምንም ይሁን ምን ለአንድ የትምህርት መስክ አንድ ሚዛን ያቀርባል። ከዚህ ጋር የመመረቂያ ሥራውን ማየትና ሥራውን በተግባር መፈተን ይጨመርበት።

አራተኛው እናንተን ተማሪዎችን ይመለከታል። የተማራችሁበትን ተቋም በሙሉ ስሙ ጥሩት። ሰው ከታወቀው ሞክሼው ጋር አምታቶ ቢያደንቃችሁ ወዲያው አርሙት። በዝምታ የተገኘ ክብር ብድር ነው፤ አንድ ቀን ከነወለዱ ይጠየቃል። ከዚህም በላይ፣ የራሳችሁን ተቋም ስም በሌላ ስም ጥላ ሥር በሸሸጋችሁ ቁጥር ከእናንተ በኋላ ለሚመጡት ልጆች የራሱ ዝና እንዳይኖረው ታደርጋላችሁ። የዛሬው አንጋፋ ተቋም ትናንት ማንም የማያውቀው ኮሌጅ ነበር፤ ዛሬ የታወቀው የመጀመሪያዎቹ ተመራቂዎቹ ስሙን ሳያፍሩ ጠርተው፣ ሥራቸውን ሳያጓድሉ ስለሠሩ ነው።

እኛ መምህራንም ከዚህ ነጻ አይደለንም። የድጋፍ ደብዳቤ ስንጽፍ የተቋሙን ስም አስቀድመን ተማሪውን በአንድ መስመር ከምናልፈው፣ ተማሪው የሠራውን በዝርዝር ብንጽፍለት ስሙን ለማያውቀው አንባቢ የጎደለውን እንሞላለን።

ደንብ የተቋምን ስም በአንድ ቀን ሊያወጣ ይችላል። ያ ስም ምን ማለት እንደሆነ የሚወስኑት ግን በስሙ የሚመረቁት ናቸው። ስለዚህ ለእነርሱ ግልጽና የማይምታታ ስም መስጠት ልንከፍለው የሚገባን ትንሹ ዕዳ ነው።