ኦኖሬ ደ ባልዛክ፥ ሕይወቱና ሥራው
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



ስለ አንድ የፈረንሳይ ደራሲ ጥቂት ቃል እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ከልብ እናመሰግናለን። ደራሲው ኦኖሬ ደ ባልዛክ ይባላል። የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ባልዛክ በ1799 ቱር በምትባል ከተማ ተወለደ። ስምንት ዓመት እንደ ሞላው ቫንዶም ከሚገኝ አዳሪ ተማሪ ቤት ገብቶ ስድስት ዓመት ያህል ተቀመጠ። በዚያ ቤት ደንብ ልጆች ለዕረፍት ወደ ወላጆቻቸው አይሄዱም ነበር። ባልዛክ ሰነፍ እየተባለ ብዙ ጊዜ ይቀጣና ብቻውን ይዘጋበት ነበር፤ እርሱ ግን ያገኘውን መጽሐፍ ሁሉ ያነብ ነበር። ይህን ስንል መቀጣት ደራሲ ያደርጋል ማለታችን እንዳይደለ መምህራኖቻችን ይረዱልናል።

ወላጆቹ ፓሪስ ላይ ሕግ ተምሮ የውል ጸሐፊ እንዲሆንላቸው ፈለጉ። እርሱ ግን በ1819 ደራሲ እሆናለሁ አለ። ጥቂት ገንዘብ ተቈርጦለት፥ ከጣራ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጦ፥ «ክሮምዌል» የተባለ የግጥም ቴአትር ጻፈ። ድርሰቱን እንዲመረምር የተለመነው መምህር፥ ይህ ልጅ ከድርሰት በቀር የወደደውን ሥራ ይያዝ ብሎ ፈረደ። ከዚህ በኋላ ባልዛክ በ1825 መጽሐፍ አሳታሚ፥ ቀጥሎም የማተሚያ ቤት ባለቤት ሆነ። ዳሩ ግን ሦስት ዓመት ያህል ሠርቶ ንግዱ ከሰረና ከ50,000 ፍራንክ የሚበልጥ ዕዳ ወደቀበት። ከዚያም ውስጥ ብዙው የእናቱ ገንዘብ ነበረ።

ዕዳውን ለመክፈል የቀረው መሣሪያ ብዕሩ ብቻ ሆነ። በማታ ተኝቶ እኩለ ሌሊት ይነሣል፤ እንደ መነኩሴ ነጭ ቀሚስ ለብሶ፥ ወፍራም ቡና እየጠጣ፥ እስኪነጋ ይጽፋል። በ1842 ሥራዎቹን «ላ ኮሜዲ ዩሜን» በሚል አንድ ስም ሰበሰባቸው። እነርሱም 90 ያህል ልብ ወለዶችና አጫጭር ታሪኮች ሲሆኑ፥ ከ2,000 የሚበልጡ ሰዎች ይገኙባቸዋል። ባልዛክ ስለ አንድ ሰው ሲጽፍ መልኩንና ፍቅሩን ብቻ አይነግረንም፤ ገቢው ስንት እንደ ሆነ፥ የቤት ኪራዩን ከየት እንደሚከፍል፥ ከማን እንደ ተበደረም ይነግረናል። ስለዚህ ኑሮን እንዳለ ከሚያሳዩት ከሪያሊስት ደራሲያን ግንባር ቀደም ሆኖ ይቈጠራል።

ከሥራዎቹ ሁሉ እኛን የነካን በ1835 በመጽሐፍ የወጣው «ለ ፔር ጎርዮ» ነው። ሽማግሌው ጎርዮ ፓስታ እየሠራ በመሸጥ የበለጸገ ነጋዴ ነበረ። ሀብቱን ለሁለት ሴት ልጆቹ ሰጥቶ ከታላላቅ ሰዎች ዳራቸው። እርሱ ግን በአንድ የእንግዳ ማደሪያ በዓመት 1,200 ፍራንክ እየከፈለ ይቀመጥ ጀመር። ልጆቹ በጠየቁት ቍጥር ገንዘቡ እያነሰ ሄደና ወደ ላይኛው ፎቅ ወጥቶ 900 ከፈለ፤ በመጨረሻም ከዚያ በላይ ወጥቶ በወር 45 ፍራንክ ብቻ ይከፍል ጀመር። ከፍ ያለው ፎቅ ርካሽ ነበርና፥ ሽማግሌው ደረጃውን ወደ ላይ በወጣ ቍጥር ኑሮው ወደ ታች ይወርድ ነበር። በሞተ ጊዜም ልጆቹ ለቀብሩ ባዶ ሠረገላ ሰደዱ።

በዚያው ቤት ራስቲኛክ የሚባል ከገጠር የመጣ የሕግ ተማሪ ነበረ። ይህ ልጅ ከታላላቆች ጋር ለመዋል አምሮት ለእናቱ 1,200 ፍራንክ ላኪልኝ ብሎ ጻፈ። እናቱ ጌጥዋን ሸጠች፤ አክስቱ ያኖረችውን ቅርስ ሸጠች፤ እኅቶቹም ያጠራቀሙትን 350 ፍራንክ ጨመሩለት። ራስቲኛክ የእናቱን ደብዳቤ ሲያነብ አለቀሰ። ገንዘቡን በእጁ ባየ ጊዜ ግን ልብስ ሰፊ አስጠራ።

ይህን ምዕራፍ በክፍላችን ባነበብን ቀን ማንም አልሳቀም። ብዙዎቻችን ከሩቅ መጥተን የምንማር ነን፤ «ለመጽሐፍ መግዣ» ብለን ጽፈን በተላከልን ገንዘብ ጫማ የገዛንም አለን። በሬ ተሸጦ ይሁን፥ ከጎረቤት ተበድረው ይሁን፥ ከየት እንደ መጣ አልጠየቅንም። ከቤት የሚመጣው ደብዳቤም «እኛ ደኅና ነን፤ አንተ ብቻ በርታ» ይላል እንጂ ይህን አይናገርም። ባልዛክ ይህን ነገር እንዲህ አድርጎ ሊጽፍ የቻለው፥ እርሱ ራሱ የእናቱን ገንዘብ የጨረሰ ልጅ ስለ ነበረ ይመስለናል።

ባልዛክ ብዙ ዓመት ደብዳቤ የተጻጻፋትን ኤቬሊና ሐንስካን በመጋቢት 1850 አግብቶ፥ በዚያው ዓመት በነሐሴ 18 ቀን በ51 ዓመቱ ፓሪስ ላይ ዐረፈ። በቀብሩ ላይ ቪክቶር ዩጎ ንግግር አደረገ። የተቀበረውም፥ ራስቲኛክ ጎርዮን ቀብሮ ከተማይቱን ቍልቍል ባየበት በፔር ላሼዝ መካነ መቃብር ነው። እስከ ዕለተ ሞቱም ከዕዳ አልወጣም።

የተከበራችሁ ወላጆቻችን ሆይ፤ እኛ ትጋቱን እናደንቃለን እንጂ ዕዳውን ልንከተል አንወድም። ይሁን እንጂ የእኛም ዕዳ ቀላል አይደለም፤ በገንዘብ ቈጥረን ልንመልሰው አንችልም። ትምህርታችንን ጨርሰን ከመሄዳችን በፊት ግን፥ ሒሳቡን እንደምናውቀው በፊታችሁ ቆመን ልንነግራችሁ ወደድን።