ፔዳሉ ሳይጠነክር ሊማሊሞን አንውረድ
(በእድራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ መኪና ፍሬን ነው። «ፍሬንና እድር ምን አገናኛቸው?» የሚል አይጠፋም። ባለፈው ዓመት ለቀብር ወደ ዛሪማ ልንወርድ ተሰብስበን ሳለ፣ አንድ አባላችን የፍሬኑን ሸራ በገዛ እጁ ለውጦ መጣ። ፔዳሉ እንደ ሊጥ ለስልሷል። «ደጋግሜ ስረግጠው ይይዛል፤ ዳባት ድረስ ደርሼ ተመልሻለሁ» አለን። የዳባት መንገድ ግን የሊማሊሞን ያህል ፍሬን አይፈትንም። ሊማሊሞ በጥምዝምዙ ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ያወርዳል። ሰዎቹን አስወረድናቸው። ተቀየመን፤ ለቀብሩም ዘገየን። ቢሆንም ሌላ ቀብር አልጨመርንም።

ለመሆኑ ፔዳል ለምን ይለሰልሳል? የፍሬን ዘይት አይታመቅም፤ አየር ግን ይታመቃል። ቱቦ ሲፈታ ወይም ዘይቱ ሲጎድል አየር ይገባል፤ የእግራችን ጉልበትም አየሩን በማመቅ ያልቃል።

በሽታውን እግር ይለየዋል። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ከነጠረ አየር አለ። መጀመሪያ ዝቅ ብሎ በሁለተኛው ርግጫ ከጠነከረ፣ የኋላው ሸራ ከታምቡሩ ርቆ ይሆናልና ይስተካከል። ረግጠን ስንይዘው ቀስ እያለ ከሰመጠ ግን የሚያንጠባጥብ ቦታ አለ፤ አለዚያም የዋናው ፖምፓ ጎሚኒ አልቋል።

አየር ለማስወጣት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። በብዙ መኪና የሚጀመረው ከፖምፓው ከሚርቀው ጎማ ነው። አንዱ ፔዳሉን ረግጦ ይይዛል፤ ሌላው የአየር ማስወጫውን ብሎን ከፍቶ ዘይቱ ከወጣ በኋላ ይዘጋል። ሳይዘጋ እግር ከተነሣ አየሩ ተመልሶ ይገባል። የዘይት ማጠራቀሚያው ፈጽሞ አይጉደል። አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ብሎኑ ከላይ መሆን አለበት፤ የቀኙ ካሊፐር በግራ፣ የግራው በቀኝ ከተገጠመ ብሎኑ ከታች ይውልና ቀኑን ሙሉ ብንደክም አየሩ አይወጣም።

የሞተር ዘይት አትጨምሩ፤ ጎሚኒውን ያሳብጠዋል። የወጣውንም ዘይት መልሳችሁ አትጠቀሙበት። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ የመፍያ ነጥቡ ቢያንስ 205 ዲግሪ ነው፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲግል ዘይቱ ይፈላል፤ ያን ጊዜ ደህና የነበረው ፔዳል ይለሰልሳል። ስለዚህ ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ እንውረድ።

በመጨረሻም ሞተር ሳይነሣ ደጋግማችሁ ርገጡና ያዙት። ጠንክሮ ከቆየ ደህና ነው። እንደያዛችሁት ሞተር ስታስነሡ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቢቆም አትደንግጡ፤ የፍሬኑ አጋዥ መሥራቱ ነው። ከዚያ ሜዳ ላይ በዝግታ ሞክሩት።

እድሩን የምንለምነው አንድ ነገር ነው፦ ፍሬኑን የነካ አባል ሌላ ሰው ፔዳሉን ሳይረግጥለት ለቀብር ሰው አይጫን። እድራችን የቆመው የሞተውን ሊቀብር ነውና፣ በመንገድ ሌላ ሰው እንዳናጣ።