ለግራኝ አዳኝ የሚታዘዝ ጠመንጃ

ሰላም፦ ዳዊት፣ አሜሪካ ውስጥ አጋዘን የሚያድን ግራኝ ሰው ጠመንጃ ሲያሠራ ከምን ይጀምር?

ዳዊት፦ ከመቀባበያው። በተለመደው ጠመንጃ በስተቀኝ ስለሆነ፣ ግራኙ ለሁለተኛ ጥይት እጁን ከቃታው አንሥቶ በላይ ማሻገር አለበት። ስለዚህ በርሜሉ የሚታሰርበት ዋናው አካል ራሱ ለግራ የተሠራ ይሁን።

ሰላም፦ ሰደፉስ?

ዳዊት፦ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው! የዋናው አካል ሞዴልና የበርሜሉ ውፍረት ሳይታወቅ የታዘዘ ሰደፍ አይገጥምም። ከቃታው እስከ ሰደፉ ጫፍ ያለው ርዝመትም አዳኙ የብርድ ጊዜ ልብሱን ለብሶ ይለካ። የጉንጭ ማሳረፊያው በቀኝ ጎን ነው የሚሆነው።

ሰላም፦ ሁሉም እቤት ድረስ ይላካል?

ዳዊት፦ አይላክም። እ.ኤ.አ. በ1968ቱ የፌዴራል ሕግ ዋናው አካል ብቻውን እንደ ጦር መሣሪያ ይቆጠራል፤ ከሌላ ግዛት ሲታዘዝ ፈቃድ ካለው ነጋዴ እጅ ነው የሚረከቡት። አድማጮቻችን፣ ዋናውን አካል ሳትረከቡ ሰደፍ አትዘዙ።