ወደ አዋሽ ፓርክ የሚኬድበት ወር
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ከጂኦግራፊ ክበብ የተሰጠ ንግግር)



«ወደ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ መቼ መሄድ ይሻላል?» የሚል ጥያቄ ለክበባችን ደጋግሞ ይቀርባል። ብዙ ሰው ዝናብ በማይኖርበት ጊዜ ነው ብሎ ነገሩን ይጨርሰዋል። እኛ ግን ጥያቄውን በሁለት መክፈል ግድ ሆኖብናል፤ ለጎብኚው አካል የሚመቸው ወር ሌላ፣ አራዊቱን በግልጽ የሚያሳየው ወር ሌላ ነውና።

ፓርኩ በ1961 ዓ.ም. በሕግ የተቋቋመ ሲሆን፣ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ይገኛል። የፈንታሌ ተራራ 2,007 ሜትር ከፍታ ቢኖረውም ሜዳው በአንድ ሺህ ሜትር ገደማ ላይ የተዘረጋ ቆላ ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ካፖርት ለብሶ የወጣ ሰው መተሐራ ሲደርስ አውልቆ በክንዱ ይይዘዋል። ቢሆንም ወርውሮ አይተወው! በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ስለሚል መሬቱ ቀን የዋጠውን ሙቀት ሌሊት በቶሎ ይለቅቀዋል፤ ቆላ ነው ብሎ ጋቢውን ቤት የተወ ጎብኚ ሲንቀጠቀጥ ያድራል።

እነዚህ ወራት ለመንገደኛ የተመቹ ናቸው። ነገር ግን ክረምት ያበቀለው ሣር ገና ረጅም ስለሆነ በኢላላ ሳላ ሜዳ የሳላው ቀጥ ያለ ቀንድ ከሣሩ በላይ ሲታይ፣ ትንሿ እንሹ ግን ጨርሳ ትሰወራለች። ከጥር ወዲህ ሣሩ እየደረቀና እየተጋጠ ይሄዳል፤ ኩሬዎቹም ስለሚደርቁ አራዊቱ ወደ ወንዙ ይሳባሉ። ለመመልከት የሚሻለው ያን ጊዜ ነው።

በየካቲትና በግንቦት መካከል የበልግ ዝናብ ይጠበቃል፤ እርግጠኛ ግን አይደለም። በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚጠጋ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ያልተመለከተ ሰው ከዚያ በኋላ በግራር ጥላ ሥር የተኛ እንስሳ ፍለጋ መኪናውን በከንቱ ያደክማል።

ክረምት ሲገባ ጭቃው መኪና ይይዛል። ሆኖም ፏፏቴውን ማየት ለሚፈልግ ከነሐሴ የሚበልጥ ወር የለም። ፓርኩ በዓመት የሚያገኘው ዝናብ የአዲስ አበባን እኩሌታ ያህል ነው፤ ወንዙን የሚሞላው በቦታው የዘነበው ሳይሆን ከጊንጪ አካባቢ ጀምሮ በደጋው የወረደው ውሃ ነው። የቆቃ ግድብ ከ1952 ዓ.ም. ወዲህ ከዚህ ውሃ ከፊሉን እያጠራቀመ በበጋ ይለቅቃል። የተረፈው የደጋውን አፈር ይዞ ቡናማ ሆኖ ይወርዳል፤ ለዓይን ቢያምርም የታጠበው የገበሬ ማሳ መሆኑን ስናስብ ደስታችን ይቀንሳል።

ስለ በጋ አንድ ነገር እንጨምር። አንዳንድ ጎብኚዎች በፓርኩ ውስጥ ከብትና ግመል ሲያዩ «እኛ የመጣነው አራዊት ልናይ ነው» ብለው ያጉረመርማሉ። ነገር ግን ሳላውን ወደ ወንዙ የሚስበው ድርቅ የከረዩንና የአፋርን መንጋም ይስባል። ፓርኩ ከመከለሉና በመተሐራ የሸንኮራ አገዳ ከመተከሉ በፊት በወንዙ ዳር የነበረው ግጦሽ የእነዚህ አርብቶ አደሮች የበጋ መጠጊያ ነበር። የአራዊቱ ግጦሽ ሲጠብ መጎዳታቸው እውነት ነው፤ የእረኛውም ችግር እውነት ነው። በልግ ሲቀር ጎብኚው ጥሩ ፎቶግራፍ ያነሣል፣ እረኛው ግን ላሙን ያጣል። የአየሩን ጠባይ ለጎብኚ ምቾት ብቻ የሚተርክ መግለጫ ይህን ስለሚዘልል፣ ለእኛ ጎዶሎ ሆኖ ታይቶናል።

ክበባችን ለሚመጣው ዓመት ጉዞ የመረጠው የጥርን መጨረሻ ነው። አብረውን ለመሄድ የሚፈልጉ ተማሪዎች ጋቢ፣ ባርኔጣና በቂ የመጠጥ ውሃ እንዲይዙ፣ ወላጆችም ልጆቻቸውን ገና ሳይነጋ እንዲያደርሱልን እንለምናለን።