ለአሮጌ ኮምፒዩተር የሚስማማ ራም ስለ መምረጥ



ከመካከላችን ብዙው ተማሪ የሚሠራበት ላፕቶፕ በሌላ ሰው እጅ አርጅቶ የመጣ ነው። የመመረቂያ ጽሑፉን ከፍቶ ሌላ ሥራ ሊጨምርበት ሲል መሣሪያው ይፈዛል። «ራም ጨምርበት» የሚለው ምክርም በየመኝታ ክፍሉ ይሰማል። ምክሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፥ የወር ወጪውን አፍስሶ፥ የማይሠራ ራም ይዞ የተመለሰ ጓደኛ አለን። ሻጩ «ሁሉም አንድ ነው» ብሎት ነበር። ሁሉም አንድ አለመሆኑን ለማስረዳት ነው ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው። (በገበያ «ሚሞሪ» ብላችሁ ከጠየቃችሁ የስልክ ካርድ ይወጣላችኋልና «ራም» በሉ።)

ከሁሉ አስቀድሞ ትውልዱ ይታወቅ። ጄዴክ የተባለው የአምራቾች ማኅበር የዲዲአር 2ን ደንብ በ2003፥ የዲዲአር 3ን በ2007፥ የዲዲአር 4ን በ2012፥ የዲዲአር 5ን በ2020 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አወጣ። እነዚህ አንዱ በሌላው ቦታ አይገቡም። የላፕቶፕ ዲዲአር 2 ባለ 200፥ ዲዲአር 3 ባለ 204፥ ዲዲአር 4 ባለ 260 እግር ነው፤ የሚፈልጉትም የኤሌክትሪክ ኃይል እንደየተራቸው 1.8፥ 1.5 እና 1.2 ቮልት ነው። በእግሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ቦታው የተለያየው እንዳይሳሳቱ ተብሎ ነውና፥ አልገባ ያለውን በጉልበት መግፋት ማዘርቦርዱን መስበር ነው።

የጓደኛችን ራም ግን ገብቶ ነበር። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ዲዲአር 3 ሁለት ዓይነት አለው፤ አንደኛው በ1.5 ቮልት፥ ሁለተኛው በ1.35 ቮልት የሚሠራ ነው። መልካቸውና ክፍተታቸው አንድ ነው። በ1.35 ቮልት የሚሠራው በሁለቱም ዓይነት መሣሪያ ላይ ይሠራል፤ የ1.5 ቮልቱ ግን 1.35 ብቻ በሚሰጥ ላፕቶፕ ላይ ሲገባ ስክሪኑ ጥቁር እንደ ሆነ ይቀራል። ስለዚህ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ከ3 ቁጥር ቀጥሎ ኤል የምትባለው የላቲን ፊደል መኖር አለመኖሯን ተመልከቱ። ከመጨረሻው ቁጥር በኋላ አር የምትል ፊደል ካለች ደግሞ የሰርቨር ራም ነውና፥ ዋጋው ቢረክስም ለተራ ዴስክቶፕ አይሆንም።

ወደ ፍጥነቱ እንለፍ። «12800» የሚለው ጽሑፍ ብዙ ሰው ያስደነግጣል፤ ይኸውም 1600 በ8 ባይት ተባዝቶ በሰኮንድ 12,800 ሜጋባይት ማለት ነው። 10600 የተባለው 1333 ነው፤ 8500 የተባለው 1066 ነው። ሲፒዩ-ዜድ የሚባለው ፕሮግራም 1600 የተባለውን 800 ብሎ ቢያሳያችሁ ሻጩን አትውቀሱ፤ በአንድ የሰዓት ምት ሁለት ጊዜ ስለሚያስተላልፍ ነው።

ፍጥነታቸው የተለያየ ሁለት ራሞች አብረው ሲገቡስ? ከቡይት ራስ ወደ ሳንቃ በር ጓዝ ጭነው የሚሄዱ በቅሎዎችን ያየ ሰው ይገባዋል፤ ፈጣኗ ዘገምተኛዋን ጠብቃ ትሄዳለች። በእያንዳንዱ ራም ላይ ፍጥነቱ የተጻፈበት ትንሽ ቺፕ አለ፤ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ይህን አንብቦ ሁሉንም ብዙውን ጊዜ በዝቅተኛው ያስኬዳል። ማዘርቦርዱ ወይም ፕሮሰሰሩ ከ1066 በላይ የማይችል ከሆነም 1600 ገዝቶ ማስገባት ትርፉ ጥቂት ነው።

እንዲያውም በእኛ አስተያየት ለፍጥነት ብሎ ገንዘብ መጨመር ለተማሪ አያዋጣም። መዘግየቱ 9 የሆነ የ1333 ራም መልስ ለመስጠት 13.5 ናኖሰኮንድ ሲወስድበት፥ መዘግየቱ 11 የሆነው 1600 13.75 ይወስድበታል። ልዩነቱን ዓይን አያየውም። ራሙ ሲሞላ ግን ኮምፒዩተሩ ትርፉን ወደ ሀርድ ዲስክ ይጥላል፤ የሚሽከረከር ዲስክ የሚመልሰው በሚሊሰኮንድ ነውና፥ ያን ጊዜ ነው ሥራው የሚቆመው። ከ2 ጊጋባይት ወደ 8 የወጣ ሰው ለውጡን በዚያው ቀን ያየዋል።

መጠኑም ወሰን አለው። ጂ31 የተባለውን የኢንቴል ቺፕሴት የያዙ አሮጌ ዴስክቶፖች ከ4 ጊጋባይት በላይ አይቀበሉም። ዊንዶውሱ ባለ 32 ቢት ከሆነም ከ4 ጊጋባይት በላይ የጨመራችሁት ሁሉ ሥራ ፈት ሆኖ ይቀመጣል፤ አስቀድሞ ባለ 64 ቢቱን መጫን ያስፈልጋል።

ወደ ገበያ ስትሄዱ አሮጌውን ራም ነቅላችሁ በወረቀት ጠቅልላችሁ ያዙት፤ ከማንኛውም ገለጻ እርሱ ይበልጣል። ስትነቅሉም ገመዱንና ባትሪውን አስቀድማችሁ አውጡ። የእኛ አገር የበጋ አየር ደረቅ ስለ ሆነ፥ የሱፍ ሹራብ ለብሶ ራም መንካት በማይታይ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሊያበላሸው ይችላል፤ አስቀድማችሁ መሬት የነካ ብረት ንኩ። አዲሱ ገብቶ ስክሪኑ ጨለማ ከሆነ ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ፤ አውጥታችሁ እግሮቹን በንጹሕ ላጲስ በቀስታ ጠርጋችሁ፥ ቀጭ እስኪል ድረስ መልሳችሁ አስገቡት። ላፕቶፕ ይዛችሁ የመጣችሁ ወደ ኋላው ጠረጴዛ ቅረቡ፤ ካቻቢቴ ይዘናል።